የፎቶግራፉ ጀርባ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የንግግር ክፍል ኀላፊዎች «በዓለም ላይ ስላለው የፎቶግራፍ ሥራ አንድ ነገር ተናገር» ሲሉኝ በመጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቆይቶ ግን ፈራሁ። ደስ ያለኝ ፎቶግራፍ ስለምወድ ነው። የፈራሁት ደግሞ እኔ ፎቶግራፍ አንሺ ስላልሆንሁ ነው። ካሜራ የለኝም፤ ያለኝ እንደ ሁላችሁ በኪሴ የምይዘው ስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ካሜራና ስለ ብርሃን አላስተምርም። የምናገረው እንደ አንድ ተመልካች፥ ይልቁንም በቤቱ ግድግዳ ላይ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ እንዳደገ አንድ የሐዲያ ልጅ ሆኜ ነው። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ ላስታውቅ።

አባቶቻችን «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። በእነሱ ዘመን ነገሩ እውነት ነበረ። ሰው የሚናፍቀው የተወለደበትን ቀዬ፥ ውሃ የቀዳበትን ምንጭ፥ የእናቱን የእንሰት ጓሮ ነበር፤ እግሩ ያልረገጠውን አገር ልቡም አይደርስበትም ነበር። ፎቶግራፍ መጣና ይህን ምሳሌ ገለበጠው። ዛሬ ከሆሳዕና እስከ ሾኔ፥ ከአንጋጫ እስከ ዱራሜ ባለው አገር የሚኖር የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አዲስ አበባን እንኳ ሳያይ የጆሃንስበርግን መንገዶች ያውቃቸዋል። ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ሱቅ የከፈቱበትን «ጄፒ» የሚባለውን ሰፈር እንደ ጎረቤት መንደር አድርጎ ያወራላችኋል። ሄዶበት አያውቅም፤ ግን ይናፍቀዋል። ናፍቆቱን ከየት አመጣው ቢባል፥ መልሱ ከፎቶግራፍ ነው።

እስቲ ከቤቴ ልጀምር። እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ አንድ የአጎቴ ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ዓመት ካለፈ በኋላ ከዚያ በተመለሰ ሰው እጅ አንድ ፎቶግራፍ ላከ። በፎቶግራፉ ላይ አንድ ነጭ መኪና አለ፤ የአጎቴ ልጅ መኪናውን ተደግፎ፥ ጥቁር መነጽር አድርጎ፥ አንዱን እግሩን በሌላው ላይ አጣምሮ ቆሟል። አያቴ ሥዕሉን በመስተዋት አስገብታ እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል ሰቀለችው። ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡናው እስኪፈላ ድረስ ወሬው ስለ መኪናው ሆነ። ዋጋውን የሚገምት ነበረ፤ «ይኸን ጊዜ ሁለተኛውን ገዝቶ ይሆናል» የሚልም ነበረ። ከእኔ በሦስት ዓመት የሚበልጥ አንድ የጎረቤታችን ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወደ ቤታችን ጎራ እያለ ያንን ሥዕል ቆሞ ይመለከት እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የአጎቴ ልጅ ለመስቀል በዓል መጣ። አንድ ማታ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ስለ መኪናው ጠየቅሁት። ሣቀ። የመኪናው ባለቤት ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም። «ሎኬሽን» በሚሏቸው የድኾች መንደሮች ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ በትከሻው ተሸክሞ ቤት ለቤት በዱቤ ሲሸጥ ውሎ፥ መንገድ ዳር ቆሞ ያገኘውን መኪና ተደግፎ ነበር የተነሣው። መነጽሩም የጓደኛው ነው። ሸክሙንስ? ሸክሙን ፎቶግራፍ ከሚያነሣው ሰው እግር ሥር አስቀምጦት ነበር።

«ታዲያ ለምን ላክኸው?» አልሁት።

«እናቴ እንዳታለቅስ ብዬ ነዋ!» አለኝ።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል። ውሸት ነው እንዳልል የልጅ ርኅራኄ አለበት። እውነት ነው እንዳልል ደግሞ፥ ያ ሥዕሉን ቆሞ ይመለከት የነበረው የጎረቤታችን ልጅ ከዚያ መስቀል ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በሞያሌ በኩል ወጥቶ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው። ፎቶግራፍ ይዋሻልን? የሚዋሽስ ከሆነ፥ ዋሾው ማን ነው? የተነሣው ነው፥ ያነሣው ነው፥ ወይስ የሚያየው? ይህን ለመመለስ ከራሳችን ግድግዳ ጥቂት ራቅ ብለን ሌሎች ሕዝቦች በዚህ ነገር ምን እንዳደረጉ መመልከት ይጠቅመናል።

ከታሪካችን ልነሣ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1868 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በዚያው ዓመት ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ በዋይት ደሴት ላይ አነሣችው። ልጁ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረ። ሥዕሉን ያየ ሰው የሚያየው የአገሩን ልብስ የለበሰ አንድ የንጉሥ ልጅ ነው። ሥዕሉ የማይናገረው ነገር ግን ብዙ ነው፤ አባቱ በሚያዝያ ወር በመቅደላ እንደ ሞተ አይናገርም፤ እናቱ በዚያው ሰሞን በመንገድ እንደ ሞተች አይናገርም፤ ልጁም ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው በባዕድ አገር ሞቶ በዊንድሶር እንደሚቀበር አይናገርም። ይህን የምናውቀው ከሥዕሉ ሳይሆን ከተጻፈ ታሪክ ነው። እንግዲህ ከአገሩ ወጥቶ የተነሣ የኢትዮጵያ ልጅ ፎቶግራፍ ከጥንት ጀምሮ ፊቱና ጀርባው የተለያየ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ከማሊ ነው። ሰይዱ ኬይታ የሚባል ሰው በ1948 በባማኮ ከተማ ፎቶ ቤት ከፈተ። ሰዎች ወደ እሱ የሚመጡት አምረው ለመታየት ነበር። ኬይታም ለደንበኞቹ ሙሉ ልብስ፥ የእጅ ሰዓት፥ ራዲዮ፥ ብዕር ያውሳቸው ነበር፤ የራሱ መኪና ሳይቀር በሥዕሎቹ ውስጥ ይታያል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በዚች በከተማችን ፎቶ ቤቶችም ቢሆን ቀለም የተቀባ መጋረጃ፥ የላስቲክ አበባ፥ ከግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ለሁሉ የሚሆን ኮት ያልነበረበት የት አለ? የአያቴ የወጣትነት ፎቶግራፍ ላይ ከጎኗ የተቀመጠው ራዲዮ የፎቶ ቤቱ ነበር፤ ባትሪም አልነበረውም።

ታዲያ የባማኮ ሰዎች ዋሹን? እኔ አልዋሹም እላለሁ። ለምን ቢባል፥ በዚያ ከተማ መኪናው የኬይታ መሆኑን ማን ያጣዋል? ሥዕሉን በቤቱ የሰቀለው ሰው ጎረቤቶቹ ሁሉ በእግሩ እንደሚሄድ ያውቃሉ። ስለዚህ ሥዕሉ ምኞት ነበር፤ ምኞት መሆኑም የታወቀ ነበር። ነገሩ የሚበላሸው ፎቶግራፉ ከሚያውቁት ሰዎች ርቆ ብቻውን ሲሄድ ነው። በራሱ በኬይታ ላይ የደረሰውን ተመልከቱ። በ1991 በኒው ዮርክ በተደረገ ትልቅ ትርኢት ሥዕሎቹ ሲታዩ አንሺው የማይታወቅ ተብሎ ቀረቡ። ባማኮ ውስጥ ስሙን የማያውቅ አልነበረም፤ ሥዕሉ ባሕር ሲሻገር ግን ስሙ ወደቀ። በኋላ ተፈልጎ ተገኝቶ ነው በዓለም የታወቀው።

ከዚህ ተነሥቼ የዛሬውን ዋና ሐሳቤን ልናገር። ፎቶግራፍ በሚያውቁት ሰዎች መካከል እያለ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ዕውቀቱን ትቶ ሲጓዝ ነው። የቀድሞ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ፎቶግራፍ ለዘመድ ሲልኩ ገልብጠው ጀርባው ላይ ይጽፉ ነበር፤ «ለማስታወሻ ይሁን» ይሉና ስማቸውን፥ ቀኑንና ቦታውን ያሰፍራሉ። ከዚያ በታች ደግሞ አንዳንዱ «እዚህ ብርድ ነው» ወይም «ይህን ቀን አሞኝ ነበር» ብሎ ይጨምራል። የዛሬው ፎቶግራፍ ግን በስልክ ስለሚመጣ ጀርባ የለውም። የጎደለን ይህ ነው እላለሁ።

ስመ ጥር የሆኑ የፎቶግራፍ ሥራዎች ሳይቀሩ በዚህ ጉድለት ይወቀሳሉ። በ1936 ዶሮቲያ ላንግ የተባለች አሜሪካዊት በካሊፎርንያ አንዲት የተቸገረች እናት ከልጆቿ ጋር አነሣች። ሥዕሉ ስለ አሜሪካ ችግር ዘመን ከተነሡት ሁሉ የበለጠ የታወቀ ሆነ። ላንግ የሴትዮዋን ዕድሜ ጽፋለች፤ ስሟን ግን አልጻፈችም። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኗ የታወቀው በ1978፥ ማለት ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሴትዮዋ በሥዕሉ ቅር ትሰኝ ነበር፤ ከሥዕሉም ምንም ገንዘብ አላገኘችም። ዓለም ፊቷን ሲያውቀው እሷን አላወቃትም ነበር።

ይህ በእኛም ደርሷል። በጥቅምት 1984 ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው የረሀብ ፊልም ዓለምን አስለቀሰ፤ እርዳታም አመጣ፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ከተነሡት ስንቶቹ ስም ነበራቸው? በዚያው ረሀብ ከሞት አፋፍ ላይ ሳለች የተቀረጸችው ሕፃን ብርሃን ወልዱ አድጋ በ2005 በሎንዶን መድረክ ላይ በስሟ ስትቆም ብዙ ሰው የተገረመው ስለዚህ ነው። ሥዕሉ ውስጥ የነበረችው «ረሀብ» ሳትሆን ሰው እንደ ነበረች ያን ቀን ገባው።

ወደ አገራችን ክፍል ስንመጣ ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን። በ2008 በከምባታ፥ በሐዲያ፥ በወላይታና በአካባቢው «አረንጓዴ ረሀብ» የተባለው ችግር ደረሰ። እንሰቱ ቆሟል፤ ሣሩ ለምልሟል፤ ሕፃናቱ ግን በምግብ እጦት ይጎዱ ነበር። ካሜራ ለዚህ ምን ያድርግ? ዓለም ረሀብን የለመደው በደረቀ መሬት ላይ ነው። የለመለመ ተራራ አንሥቶ «እዚህ ሰው ይራባል» ቢሉት ማን ያምናል? መሬት ማነሱን፥ ዝናብ በበልግ ወራት መቅረቱን፥ የእህል ዋጋ መናሩን ሥዕል አያሳይም፤ ይህን መናገር የሚችለው ከሥዕሉ ጋር የሚሄደው ጽሑፍ ነው።

እንዲሁም በግንቦት 2008 በደቡብ አፍሪካ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ሁከት ሲነሣ ከጆሃንስበርግ በስተ ምሥራቅ አንድ ሰው በእሳት ሲቃጠል የተነሣ ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ወጣ። በመጀመሪያ ስም አልነበረውም። በኋላ ኤርኔስቶ አልፋቤቶ ንሃሙዋቬ የሚባል ሞዛምቢካዊ፥ ሚስትና ልጆች ያሉት ሠራተኛ መሆኑ ታወቀ። የእኛ ወንድሞች የሚሠሩት በእነዚሁ መንደሮች ነው። ከዚያ የሚላክልን ሥዕል ግን ነጩ መኪና ነው።

ክቡራን መምህራን፤ እስካሁን ጉድለቱን ብቻ ተናገርሁ። ደግነቱ ይህን ጉድለት የተረዱ፥ በፎቶግራፍ ጀርባ ላይ መጻፍ ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች በዘመናችን ተነሥተዋል። እስቲ ጥቂቶቹን ላንሣ።

ከሁሉ የማደንቀው ሳንቱ ሞፎኬንግ የተባለውን ደቡብ አፍሪካዊ ነው። በ1956 ተወልዶ በ2020 ዐረፈ። ይህ ሰው ራሱ ጎበዝ አንሺ ሲሆን፥ ካሜራውን አስቀምጦ በከተማ የሚኖሩ ጥቁር ቤተ ሰቦችን ደጅ እያንኳኳ ከ1890 እስከ 1950 የተነሡ የአያቶቻቸውን ፎቶግራፎች ሰበሰበ። ሥዕሎቹ ሙሉ ልብስ የለበሱ፥ ወንበር ላይ በክብር የተቀመጡ ጥቁሮችን ያሳያሉ። የዚያ አገር መንግሥት ጥቁሩን እንደ አገልጋይና እንደ ገጠር ነገድ ብቻ ሲያይ፥ እነዚህ ሰዎች ግን ራሳቸውን እንዴት ማየት እንደ ፈለጉ ሥዕሉ ይመሰክራል። ሞፎኬንግ ሥዕሉን ብቻ አላቀረበም፤ ስማቸውን፥ ሥራቸውን፥ ያሉበትን ቦታ ጠይቆ ያገኘውን ጻፈ፤ ያላገኘውንም በጥያቄ አስቀመጠው። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ምን ይመኙ ነበር? እያለ ተመልካቹን ይጠይቃል።

ጂም ጎልድበርግ የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ ወደ አውሮፓ የተሰደዱ ሰዎችን ካነሣ በኋላ ሥዕሉን ለተነሣው ሰው ሰጥቶ፥ በገዛ እጁ ሥዕሉ ላይ እንዲጽፍበት ያደርግ ነበር። ስደተኛው ራሱ በገዛ ቋንቋው ስለ ራሱ ይናገራል። እዚህ ላይ ሥዕሉና ጀርባው አንድ ሆኑ ማለት ነው።

በአገራችንም የዚሁ ዐይነት ሥራ አለ። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ በወጣቶች ተጀምሮ፥ ከቤተ ሰብ አልበም የሠርግ፥ የትምህርት ቤትና የመዝናኛ ፎቶግራፎችን ከነታሪካቸው እየሰበሰበ በመጽሐፍ አውጥቷል። ሠዓሊ ሆኖ ተምሮ ኋላ ወደ ፎቶግራፍ የተመለሰው ሚካኤል ፀጋዬ ደግሞ በአዲስ አበባ መካነ መቃብሮች ላይ የተለጠፉትን የሟቾች ሥዕሎች፥ ፀሓይና ዝናብ ፊታቸውን ሲያጠፋው፥ እንደገና አንሥቷቸዋል። የፎቶግራፍን ፎቶግራፍ ማንሣት ምን ይጠቅማል የሚል ካለ እነዚያን ሥዕሎች ይይ። ፎቶግራፍም እንደ ሰው እንደሚሞት ያሳዩታል።

«ይህ ሁሉ ስለ እውነተኛ ሥዕል ነው፤ ታስቦ፥ ተቀነባብሮ የሚነሣውስ?» የሚል ይኖራል። በዚህ በኩል የታወቀችው አይዳ ሙሉነህ ናት። በ1974 ተወልዳ፥ በውጭ አገር አድጋና ተምራ ተመልሳ፥ በ2010 «አዲስ ፎቶ ፌስት» የተባለውን የፎቶግራፍ ትርኢት በአዲስ አበባ አቋቁማለች፤ ከብዙ አገር የሚመጡ አንሺዎች ሥራቸውን አሳይተውበታል። በ2018 ስለ ውሃ እጦት እንድትሠራ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲጠይቃት፥ ዳሎል ወርዳ በጨዋማው ምድር ላይ ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ፥ ደማቅ ቀለም የለበሱ ሴቶችን አቁማ አነሣች። የተጎሳቆለች ሴት ደረቅ ጉድጓድ አጠገብ አላቆመችም። ይህ ውሸት ነው? አይደለም፤ የተቀነባበረ መሆኑን ከሩቅ ይናገራልና። ነውሩ ቀለም መቀባቱ ሳይሆን ቀለሙን ደብቆ እንደ ገዛ ቆዳ አድርጎ ማቅረቡ ነው። የአጎቴ ልጅ መኪናም እንደ አይዳ ቀለም ቢነገርልን ኖሮ በሣቅ እናየው ነበር።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ልጅ ልመለስ።

እናቱ የነበራት አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ለፈተና ሲመዘገብ የተነሣው ነው። መልኩ እንዳይጠፋባት ስለ ፈራች አንድ ቀን «እንሂድና አስፍተህ አሠራልኝ» ብላኝ አብረን ወደ አንድ ፎቶ ቤት ሄድን። ፎቶ አንሺው ትሑት ሰው ነው። ሥዕሉን በኮምፒዩተር ላይ አድርጎ ካሰፋ በኋላ፥ «እማማ፤ ኮትና ክራባት ላድርግለት? ሁሉም እንዲያ ነው የሚያሠሩት፤ ዋጋው አይጨምርም» አላት። በእርግጥ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሁሉ ያንኑ አንድ ኮት የለበሱ ነበሩ። እሷም ጥቂት ዝም አለችና «የለም፤ በገዛ ሹራቡ ይሁን። ክርኑን እኔ ነኝ የጣፍሁለት» አለችው። በጉርድ ፎቶግራፍ ላይ ክርን አይታይም። እሷ ግን ታየዋለች።

መጋቢት 24 ቀን 2020 በሞዛምቢክ፥ በቴቴ አውራጃ፥ በጭነት መኪና ላይ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ 14 በሕይወት ተረፉ። ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። በጥቅምት 2022 በማላዊ፥ በምዚምባ፥ የስደተኞች የጅምላ መቃብር ተገኘ። ዓለም የጭነት መኪናውንና የተቆፈረውን ጉድጓድ አየ። ሹራቡንና የተጣፈውን ክርን አላየም። እነዚያን ቀናት በዚች ከተማ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ልጁ የጠፋበት ሁሉ ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ ስልክ ቤት ለስልክ ቤት ይዞር ነበር።

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ አንድ ጓደኛዬ አጥብቆ ተቃወመኝ። «ልጆቹ የሚሄዱት በፎቶግራፍ ተታለው አይደለም፤ መሬቱ ለወንድማማች አልበቃ ስላለ፥ ተምሮ ሥራ ስለ ታጣ ነው። ደግሞም በሆሳዕና የምታየው ስንቱ ፎቅ የተሠራው ከዚያው በመጣ ገንዘብ መሰለህ? ጀርባው ላይ ብትጽፍ ችግሩ ይቀራል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ፎቶግራፍ ድኽነትን አልፈጠረም፤ በፎቶግራፍም ድኽነት አይጠፋም። ወንድሞቻችን በላብ ያቆሙትን ቤትም አላቃልልም፤ የእኔም የትምህርት ቤት ወጪ በከፊል የተከፈለው ከዚያ ከብርድ ልብሱ ሽያጭ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። የሚሄድ ሰው ቢሄድ እንኳ ዐውቆ ይሂድ። መንገዱን የሚመርጠው የሰው መኪና ሳይሆን ሸክሙንም ጭምር አይቶ ይሁን። የቀረችው እናትም ስለ ልጇ እውነቱን የማወቅ መብት አላት።

ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ትንሽ ሥራ እንዲጀምር አሳስባለሁ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ስንሄድ ከግድግዳው ወይም ከአልበሙ አንድ ፎቶግራፍ እንምረጥና ባለቤቱን ወይም ታላላቆቻችንን አምስት ነገር እንጠይቅ። ማን ነው? የት ነው? መቼ ነው? ማን አነሣው? አምስተኛውና ዋነኛው፥ በሥዕሉ ላይ የማይታየው ምንድን ነው? መልሱን ባለቤቱ ከፈቀደ ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ እንጻፍ፤ ብዕር ቀለሙ ወደ ፊት ስለሚሻገር ሥዕሉን ያበላሻል። ከዚያ ሥዕሉንም ጽሑፉንም በስልካችን አንሥተን፥ ባለቤቱ ሲስማማ ብቻ ለቤተ መጻሕፍታችን እናስረክብ። ዋናው ሥዕል ከቤቱ አይውጣ። «ይህን አትጻፍ» የተባልነውን አንጻፍ፤ የሰውን ምስጢር አደባባይ ማውጣት ዕውቀት አይባልም።

እንዲሁም የዱሮ ፎቶ ቤቶች ባለቤቶችን እንጠይቅ። በየጓዳው በካርቶን ተጠራቅሞ እርጥበት የሚበላው የፊልም ጥቅል የእነዚህን ከተሞች የሠርግ፥ የምረቃ፥ የያሆዴና የመሳላ በዓል ታሪክ ይዟል። አንዳንዱ ሱቅ ሲዘጋ ከቆሻሻ ጋር ወጥቶ ተቃጥሏል። በፍራንክፈርት ያለው የፍሮቤንየስ ተቋም በ1934–35፥ ኋላም በ1950ዎቹ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ የላካቸው የጥናት ጓዶች ያነሧቸውን ሥዕሎች እስከ ዛሬ በክብር ያስቀምጣል። በዚያ ዘመን የጥናት ልማድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመዘገበው በነገዱ ስም ነበር። ጀርመኖች የነገዱን ስም ከጠበቁልን፥ የአያቶቻችንን የገዛ ስም መጠበቅ የእኛ ፈንታ አይደለምን?

ከመጨረሴ በፊት በራሴ ቤት የሞከርሁትን ልንገራችሁ። ባለፈው መስቀል የአጎቴን ልጅ በስልክ ጠይቄ ፈቀደልኝና ያንን ሥዕል ከመስተዋቱ አውጥቼ ጀርባው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ «መኪናው የሰው ነው። መነጽሩ የጓደኛው ነው። በዚያን ቀን ዐሥራ ሁለት ብርድ ልብስ ይዞ ወጥቶ ሁለት ሸጧል። ብርድ ልብሶቹ ከሥዕሉ ውጭ ናቸው።» ከዚያ ለአያቴ አነበብሁላት። ታዝናለች፥ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሥዕሉን ተቀብላ ወደ ብርሃን አዙራ፥ በጣቷ የልጁን ግራ ትከሻ አሳየችኝ። ከቀኙ ዝቅ ብሏል።

«ሸክም እንዳለበት እኔ ያን ጊዜውኑ አውቄአለሁ፤ እናቱ እንዳትሰማ ብዬ ነው ዝም ያልሁት» አለችኝ።

ሥዕሉ አሁንም እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ መጥቶ ስለ መኪናው ሲጠይቅ ግን አያቴ «አውርድና አንብብለት» ትለኛለች።